አበበ ቢቂላ፣ ቮልስዋገኑና የሸኖ መንገድ

ስለ ሻምበል አበበ ቢቂላ በተነሳ ቁጥር ሁላችንም የምናስታውሰው እግሩን ነው። ሮም፣ ምሽት፣ ችቦ፣ ባዶ እግር። ልጆቻችን በትምህርት ቤት የሚማሩት፣ ጋዜጦቻችን በየኦሊምፒኩ ዋዜማ የሚደግሙት፣ እኛም ለእንግዳ የምንተርከው ይህንኑ ነው። የዛሬው ጽሑፌ ግን ከእግሩ ይልቅ ወደ ጎማው ያደላል። ከሮም ድል እስከ መኪና አደጋው ያለው ጊዜ ስምንት ዓመት ተኩል ነው። ከአደጋው እስከ ሞቱ ያለው ደግሞ አራት ዓመት ተኩል ያህል ነው። የመጀመሪያውን ዘመን በቃላችን እናውቀዋለን። ሁለተኛውን ግን እንደ ልቅሶ ቤት ወሬ ድምፃችንን ዝቅ አድርገን እናልፈዋለን።

እኔን ወደዚህ ሁለተኛ ዘመን የመራኝ የስፖርት ፍቅር ሳይሆን ሞተር ሳይክል ነው። ከአገር ከሚወጣ አንድ የውጭ ዜጋ የገዛሁት ያገለገለ ቢኤምደብሊው አለኝ። አር 100 አርቲ የሚባለው፣ ለረጅም ጉዞ የተሠራ፣ 1,000 ሲሲ ሊሞላ ትንሽ የቀረው ሞተር ያለው፣ ከ230 ኪሎ በላይ የሚመዝን ግዙፍ ነው። ያገለገለ ትልቅ ሞተር የገዛ ሰው እንደሚያውቀው ግዢው የነገሩ ቀላሉ ክፍል ነው። ቀረጡ፣ ሊብሬውና ቦሎው ካለቀ በኋላ የመለዋወጫው ጣጣ ይጀምራል። ለትንንሾቹ የህንድና የቻይና ሞተሮች መርካቶ የማይገኝ ዕቃ የለም። ለዚህኛው ግን አንዲት የካርቡራተር ላስቲክ እንኳ በዘመድ ሻንጣ ከአውሮፓ እስክትመጣ መጠበቅ ግድ ነው።

ይህንን ሞተር ይዤ፣ መንገዱ ሰላም በነበረባቸው ዓመታት፣ ወደ መንዝ እመላለስ ነበር። ሰንዳፋን፣ አለልቱን፣ ሸኖንና ጫጫን አልፎ ደብረ ብርሃን፣ ከዚያ ጣርማበር ላይ ከዋናው አስፋልት ተገንጥሎ በመዘዞና በሞላሌ መሐል ሜዳ፣ በመጨረሻም ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ወደሚኖሩበት ወደ ጓሳ ማለት ነው። የአበበ ቮልስዋገን የተገለበጠችው በዚሁ መንገድ ላይ፣ ሸኖ አካባቢ ነው። በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ጥያቄው አብሮኝ ይጓዛል። በሁለት እግሩ ዓለምን ያስደነቀ ሰው በአራት ጎማ ላይ እንዴት ወደቀ? ከወደቀ በኋላስ ማን ነበር?

አበበ የተወለደው ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. በያኔው የሸዋ ጠቅላይ ግዛት፣ ከደብረ ብርሃን ብዙም በማይርቀው የመንዲዳ አካባቢ ጃቶ በምትባል መንደር ነው። አጋጣሚ ሆኖ በዚያው ዕለት ሎስ አንጀለስ ላይ የኦሊምፒክ ማራቶን ይሮጥ ነበር። እናቱ ወይዘሮ ውድነሽ በነበሩ ይባላሉ። የጣሊያን ወረራ ቤተሰቡን ወደ ጎሮ አሰድዶት ነበርና ልጅነቱ ስደትንም ይጨምራል። ከነፃነት በኋላ ወደ ጃቶ ተመልሶ እንደ ማንኛውም የደጋ ልጅ ከብት ጠበቀ፣ ገና ተጫወተ።

ይህንን አገር የሚያውቅ ሰው ብርዱንም ያውቃል። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። የጣርማበር ዋሻ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ ጓሳ ከዚያም ይበልጣል። ገብስ፣ በግና በርኖስ ያለበት አገር ነው። የእኔ ሞተር በዚህ ከፍታ ላይ ይደክማል። 3,000 ሜትር ላይ አየሩ ከባሕር ወለል ጋር ሲነጻጸር ሩብ ያህል ይሳሳል፤ ካርቡራተሩ ግን ቤንዚኑን እንደ ለመደው ይሰጣል። አየር ያጠረው ቤንዚን በደንብ አይቃጠልም፤ ሻማው ይጠቁራል፣ ጉልበቱ ይወርዳል። ስለዚህ የቤንዚኑን ቀዳዳ በጠበበ መቀየር ያስፈልጋል።

የደጋው ሰው ደም ግን የራሱ ማስተካከያ አለው። አሜሪካዊቷ አንትሮፖሎጂስት ሲንቲያ ቢል ከባልደረቦቿ ጋር በሰሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንን አጥንታ እ.ኤ.አ. በ2002 ያሳተመችው ውጤት አስገራሚ ነው። የአንዲስ ተራራ ሰዎች የአየሩን እጥረት የሚቋቋሙት ደማቸውን በማወፈር ነው። የእኛዎቹ ግን የሄሞግሎቢናቸው መጠንም ሆነ በደማቸው ያለው ኦክስጅን ቆላ ከሚኖር ሰው ብዙም አይለይም። ያም ሆኖ ከፍታ ብቻውን ሯጭ አያደርግም። ቢያደርግ ኖሮ የመንዝ እረኛ ሁሉ የወርቅ ሜዳሊያ ባለቤት በሆነ ነበር። አበበን አበበ ያደረገው ሌላም ነገር አለ።

ያ ሌላ ነገር የተገኘው አዲስ አበባ ነው። አበበ በሃያ ዓመቱ ገደማ ክብር ዘበኛ ገባ። ከሱሉልታ ኮረብቶች እስከ ከተማ ያለውን ወደ 20 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ በሩጫ ይመላለስ እንደነበር ይነገራል። ለጦሩ ስፖርት ተቀጥሮ የመጣው ስዊድናዊ ኦኒ ኒስካነን ይህንን ዝምተኛ ወታደር አየው። ኒስካነን ያመጣው ነገር ሥርዓት ነበር። ልምምዱ በሰዓት ተለካ፣ ረጅሙ ሩጫ ከአጭሩና ከፈጣኑ ጋር ተፈራረቀ። በ1952 ዓ.ም. ክረምት አዲስ አበባ ላይ አበበ የሮጠው ማራቶን 2 ሰዓት ከ21 ደቂቃ ከ23 ሰከንድ ፈጀ። ይህም ታላቁ ኤሚል ዛቶፔክ በሄልሲንኪ ካስመዘገበው የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን የተሻለ ነበር። ከአገር ውጭ ግን ማንም ልብ ያለው አልነበረም። በዚያው ዓመት መጋቢት 7 ቀን ወይዘሮ የውብዳር ወልደ ጊዮርጊስን አግብቶ ነበርና ወደ ሮም የሄደው የወራት ሙሽራ ሆኖ ነው።

ሮምን አላራዝመውም። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በእኛ የዘመን መለወጫ ዋዜማ፣ ውድድሩ አመሻሽ ላይ ተጀመረ። የተሰጠው ጫማ እግሩን ስላልተመቸው ሲለማመድ እንደኖረው በባዶ እግሩ ሊሮጥ ወሰነ። ከሞሮኮው ራዲ ቤን አብደሰላም ጋር ጎን ለጎን ቆይቶ፣ ወደ መጨረሻው አካባቢ በአክሱም ሐውልት አጠገብ ሲያልፍ ፍጥነት ጨምሮ ተለየው። ሐውልቱ በወረራው ዘመን ተዘርፎ እዚያ የቆመ ነበር፤ ወደ አገሩ የተመለሰው ገና በ1997 ዓ.ም. ነው። አበበ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16.2 ሰከንድ ገብቶ የዓለምን ክብረ ወሰን ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ልዩነት አሻሻለ። ከሠላሳ ዓመት ያነሰ ዕድሜ ያለው ወታደር የአንድን ትውልድ ቁጭት በአንድ ምሽት አወጣ።

ድሉ ግን ከፖለቲካ አላዳነውም። ከሦስት ወር ጥቂት በኋላ፣ በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም.፣ የራሱ ክፍል ክብር ዘበኛ በአዛዡ በጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ መሪነት መፈንቅለ መንግሥት ሞከረ። አዲስ አበባ በጥይት ታመሰች። በቤተ መንግሥት ተይዘው ከተገደሉት ባለ ሥልጣናት አንዱ በወረራው ዘመን በመንዝና በአካባቢው አርበኞችን የመሩት ራስ አበበ አረጋይ ነበሩ። አትሌቱ አበበ በሙከራው ቀጥተኛ ተሳትፎ ባይኖረውም ለአጭር ጊዜ ታስሮ ተጠይቆ ተለቀቀ። ብዙ ጓደኞቹ ግን ወይ ሞተዋል ወይ ታስረዋል።

ቀጥሎ ቶኪዮ መጣች። ከውድድሩ አምስት ሳምንት ያህል አስቀድሞ ደብረ ዘይት ላይ ሲለማመድ ሆዱን ታመመና የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ማንም ይሮጣል ብሎ አልጠበቀም። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ግን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11.2 ሰከንድ፣ በአዲስ የዓለም ክብረ ወሰን አሸነፈ። ማራቶንን በኦሊምፒክ ሁለት ጊዜ በተከታታይ ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ሌሎቹ ገና በመንገድ ላይ ሳሉ እርሱ በስታዲየሙ ሣር ላይ ሰውነቱን ያፍታታ ነበር።

ከዚህ ድል ሲመለስ ነው ማዕረጉ አድጎ የመቶ አለቃ የሆነው፤ ቤትና አንዲት ቮልስዋገን ቢትልም የተሸለመው። የዛሬ አንባቢ ይህንን ሽልማት አቅልሎ ሊያየው ይችላል። በ1957 ዓ.ም. ግን መኪና ማለት ዕቃ ብቻ አልነበረም። ከብት ጠብቆ ያደገ፣ ተራ ወታደር ሆኖ የተቀጠረ ሰው መሪ ሲጨብጥ የማኅበረሰቡን መሰላል ብዙ ደረጃ ዘሎ መውጣቱ ነበር።

መኪናዋ ራሷ ለደጋ የተፈጠረች ትመስል ነበር። የቮልስ ሞተር በአየር የሚቀዘቅዝ ነው፤ ውኃ የለውም፣ አይፈላም። አራቱ ሲሊንደሮቹ ሁለት ሁለት ሆነው ግራና ቀኝ ተኝተው ይገፋፋሉ። የእኔ ቢኤምደብሊውም በዚሁ መርህ የሚሠራ ሲሆን ሁለት ሲሊንደር ብቻ ነው ያለው። ሁለቱንም የሰማ ጆሮ ዝምድናቸውን በድምፃቸው ያውቀዋል። ይሁንና የዚያ ዘመን ቮልስ አንድ የታወቀ ጠባይ ነበራት። ሞተሯ ከኋላ ነው፣ የኋላ አክስሏም ጎማውን ይዞ የሚወዛወዝ ዓይነት ነበር። በፍጥነት እየሄዱ መሪውን ድንገት ቢያጥፉና እግርዎን ከነዳጁ ቢያነሱ ኋላዋ ሊንሸራተት፣ ጎማዋም ወደ ውስጥ ሊታጠፍ ይችላል። የደኅንነት ቀበቶም በጊዜው የተለመደ አልነበረም። ይህ የአበበ አደጋ ምክንያት ነው ማለቴ አይደለም፤ በዚያ ዘመን መኪና ይዞ ጨለማ መንገድ ላይ መውጣት ምን ማለት እንደነበር ለማሳየት ያህል ነው።

ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም. ሜክሲኮ ከተማ ላይ አበበ ሦስተኛውን ወርቅ ፍለጋ ተሰለፈ። ከፍታው ከ2,200 ሜትር በላይ ስለሆነ ለእርሱ የሚመች መስሎ ነበር። እግሩ ግን ታምሞ ስለነበር 17 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ አቋረጠ። ወርቁን የአገሩ ልጅ ማሞ ወልዴ ወሰደው። አበበ ሲመለስ የሻምበልነት ማዕረግ ተሰጠው። 36 ዓመቱ ነበር። ለማራቶን ሯጭ ገና ያላለቀ ዕድሜ ነው።

አምስት ወር አልቆየም። መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም. ሌሊት ቮልስዋገኗ ተገለበጠች። ከፊት በፍጥነት የመጣ መኪና ለመሸሽ ሲል ነው የሚል ታሪክ አለ፤ ሌላም ይባላል። የማያከራክረው ግን አበበ በተገለበጠችው መኪና ውስጥ ተይዞ ማደሩና የወጣው በማግሥቱ ጠዋት መሆኑ ነው።

ይህንን ዓረፍተ ነገር በቀን ቢሮ ውስጥ ማንበብ ቀላል ነው። መንገዱን በምሽት ለሚያውቅ ሰው ግን ሌላ ትርጉም አለው። እኔ ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ በዚያ መንገድ ሞተር አልነዳም። ከጣርማበር የሚነሳው ጉም ሲወርድ የፊት መብራት ነጭ ግድግዳ ከመሥራት በቀር አይፈይድም። በግ የሚነዳ ሰው፣ ያለ መብራት የቆመ አይሱዙ፣ በአስፋልቱ ላይ የተኛ አህያ አይታይም። ብርዱ በጓንት ውስጥ አልፎ ጣትን ያደነዝዛል፤ ፍሬን የሚይዘው ያ የደነዘዘ ጣት ነው። ይህ ዛሬ፣ ከተሻለ መብራትና ከተሻለ ጎማ ጋር ነው። በ1961 ዓ.ም. ስልክ የሌለበት ሜዳ ላይ፣ አንገት ተጎድቶ፣ በብረት ተቆልፎ መንጋትን መጠበቅ ምን እንደሚመስል ልቤ ሊያስበው አይደፍርም።

ወደ ክብር ዘበኛ ሆስፒታል ሲወሰድ እጁም እግሩም አይንቀሳቀስም ነበር። ከሳምንት በኋላ፣ መጋቢት 20 ቀን፣ እንግሊዝ አገር ወደሚገኘው ስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ተላከ። እዚህ ላይ ታሪኩ ብዙዎቻችን ወደማናውቀው መታጠፊያ ይገባል። የሆስፒታሉን የአከርካሪ ሕክምና ክፍል እ.ኤ.አ. በ1944 ያቋቋሙት ከናዚ ጀርመን የተሰደዱት አይሁዳዊ ሐኪም ሉድቪግ ጉትማን ናቸው። ከእርሳቸው በፊት አከርካሪው የተሰበረ ሰው በአልጋ ቁስልና በሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን በወራት ውስጥ ይሞታል ተብሎ የሚተው ነበር። ጉትማን በሽተኛው በየሁለት ሰዓቱ እንዲገላበጥ፣ ከዚያም እንዲቀመጥ፣ ከዚያም እንዲሠራና እንዲጫወት አደረጉ። እ.ኤ.አ. በ1948 የለንደን ኦሊምፒክ በተከፈተበት ዕለት 16 በሽተኞቻቸውን በተሽከርካሪ ወንበር ላይ አስቀምጠው ቀስት አወዳደሩ። ያ ውድድር አደገና እ.ኤ.አ. በ1960 ወደ ሮም ተሻገረ። ዛሬ የመጀመሪያው ፓራሊምፒክ ተብሎ የሚቆጠረው የሮም ውድድር የተከፈተው መስከረም 8 ቀን 1953 ዓ.ም. ነው፤ አበበ በባዶ እግሩ ባሸነፈ በስምንተኛው ቀን፣ በዚያችው ከተማ። ያኔ የአካል ጉዳተኞቹ ውድድር ከዘጠኝ ዓመት በኋላ የእርሱ ይሆናል ብሎ ያሰበ አልነበረም።

አበበ ስቶክ ማንደቪል ስምንት ወር ቆየ። ንግሥት ኤልሳቤጥ ሳይቀሩ ጎበኙት። መጀመሪያ ራሱን እንኳ ማዞር የማይችለው ሰው ቀስ በቀስ እጆቹ ተመለሱለት፤ እግሮቹ ግን እስከ መጨረሻው አልተመለሱም። ለአንድ ሯጭ ይህ ውጤት ምን ማለት እንደሆነ ብዙ ማብራራት አያስፈልግም። እርሱ ግን የተረፈለትን ቆጠረ። በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆኖ ቀስት መወርወርና የጠረጴዛ ቴኒስ መለማመድ ጀመረ። በሐምሌ 1962 ዓ.ም. በስቶክ ማንደቪል የተሽከርካሪ ወንበር ጨዋታዎች በሁለቱም ተወዳደረ። በሚያዝያ 1963 ዓ.ም. ደግሞ ኖርዌይ ውስጥ በተደረገ የአካል ጉዳተኞች ጨዋታ ላይ በክብር እንግድነት ተጋብዞ ሄዶ፣ በበረዶ ላይ የስሌጅ ውድድር ገብቶ አሸነፈ። የጃቶ እረኛ፣ እግሩ የማይንቀሳቀስ፣ በኖርዌይ በረዶ ላይ አንደኛ! ይህ ታሪክ ከሮም በምን ያንሳል?

በ1964 ዓ.ም. ነሐሴ የሙኒክ ኦሊምፒክ ሲከፈት አበበ በተሽከርካሪ ወንበሩ ላይ ሆኖ የክብር እንግዳ ነበር። ሕዝቡም ከመቀመጫው ተነስቶ አጨበጨበለት። ማሞ ወልዴ በማራቶን ሦስተኛ ሲወጣ፣ ያሸነፈው አሜሪካዊ ፍራንክ ሾርተር የአበበን እጅ ሊጨብጥ ሄደ።

ከዓመት ጥቂት በኋላ፣ ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም.፣ አበበ ከአደጋው ጋር በተያያዘ የአንጎል ደም መፍሰስ አረፈ። 41 ዓመቱ ነበር። ባለቤቱንና አራት ልጆቹን ተወ። ቀኑ ብሔራዊ የሐዘን ቀን ሆኖ ታወጀ። ንጉሠ ነገሥቱ በተገኙበት በቅዱስ ዮሴፍ መካነ መቃብር ሲቀበር ወደ 65,000 የሚገመት ሕዝብ ሸኝቶታል። ዓመት ሳይሞላ ንጉሠ ነገሥቱም ከዙፋናቸው ወረዱ። ያ ቀብር የአንድ ዘመን ስንብትም ነበር ማለት ይቻላል።

ታዲያ ከዚህ ሕይወት ምን እንውሰድ? እኔ በበኩሌ ሁለት ነገር እወስዳለሁ። የመጀመሪያው ለእኛ ለነጂዎች ነው። የአበበ ሰውነት በዓለም ላይ ከነበሩት ሁሉ ብርቱው ሊባል የሚችል ነበር፤ ብርታቱ ግን ከተገለበጠ ብረት አላዳነውም። ጀግንነት የደኅንነት ቀበቶን አይተካም። የራስ ቁርንም አይተካም። የራስ ቁር የሞተረኛን የሞት አደጋ በ42 በመቶ፣ የጭንቅላት ጉዳትን ደግሞ በ69 በመቶ እንደሚቀንስ በበርካታ ጥናቶች ላይ የተመሠረተ ግምገማ አሳይቷል። አንገትንና አከርካሪን ግን ያን ያህል አይከላከልም። አከርካሪን የሚያድነው ቀስ ብሎ መንዳትና ከመሸ በኋላ ማደር ነው። አደጋ የደረሰበትን ሰው ስናገኝም እጅና እግሩን ይዘን ጎትተን ፒክአፕ ላይ ከመጫናችን በፊት አንገቱንና ጀርባውን ሳናጥፍ አስተካክለን መያዝ አለብን። በጉዳቱ ያልተቆረጠ አከርካሪ በእኛ ችኮላ ሊቆረጥ ይችላል።

ሁለተኛው ለሁላችንም ነው። አበበን ከተሽከርካሪ ወንበሩ ለይተን ስናከብረው፣ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ያለውን ኢትዮጵያዊ ከታሪካችን እናስወጣዋለን። በየመሥሪያ ቤታችን ደረጃ ሥር ቆሞ የሚቀረው፣ ሊፍቱ ስለተበላሸ ቀጠሮው የሚያልፍበት ሰው፣ ከታላቁ አትሌታችን የመጨረሻ ዓመታት ጋር አንድ ዓይነት ኑሮ ነው የሚኖረው። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ማየት ላይ ጉዳት ያለባት ትዕግስት ገዛኸኝ በፓራሊምፒክ 1,500 ሜትር ለኢትዮጵያ የመጀመሪያውን የፓራሊምፒክ ወርቅ አስገኝታለች። ያሸነፈችው ቶኪዮ ላይ ነው፤ አበበ ሁለተኛውን ወርቁን ባገኘባትና ሽልማቱን መኪና ባመጣችለት ከተማ። የአበበን ሁለት ዘመናት ለልጆቻችን ስንነግር የእርሷንም ስም አብረን ብንጠራ፣ ታሪኩ ሸኖ ላይ እንዳልቆመ ይገባቸዋል።